የአሰፋ ጉድጓድ ላይ የተሠራ ዶሮ ቤት

ሰኞ፣ ጥቅምት 11። ጠዋት 4፡00

ለዶሮ ቤቱ ሚስማር ሳቃና ነው ያረፈድኩት፣ ደብተሬ። ከአሮጌ በር የነቀልኩት ነው። ግማሹ ዝጓል። አውራ ጣቴን ሁለቴ መታሁት። ቆርቆሮው ከጎረቤታችን ከጋሽ ወርቁ ኩሽና የተረፈ፣ ሽቦው የድሮ አልጋ። እንጨቱ... በቃ ልጻፈው። የባሌ የአሰፋ የሽመና እቃ ነው። ትናንት ብቻዬን ፈታሁት።

አንቺም ደብተሬ የእሱ ነበርሽ፣ ጥለት ይስልብሽ ነበር። ሸማ ሊሸጥ ብሎ ከወጣ ሦስት ዓመት አለፈው። ስልኩ ዝግ። አየሁት ያለ ሰው የለም። ሞቷል። እኔ ተቀብያለሁ። እንጨቱ ለምን ይበስብሳል?

እናቱ፣ እማማ ደስታ፣ በር ላይ ቆመው አዩኝ። ስፈታ አልከለከሉኝም። ብቻ ጉድጓዱን እንዳልደፍነው ለመኑኝ። ሸማኔ ሲቀመጥ እግሩን የሚሰድበትን ጉድጓድ። ሲመለስ እግሩን የት ያድርግ አሉ። ተናደድኩ። ግን ሳልደፍነው ጣውላ ከደንኩበት። ለጊዜው ነው።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 13። ከሰ. 11፡30

አለቀ። ያምራል። ሌላ የሚያመሰግነኝ ስለሌለ ራሴን ላመስግን። አምስት ቄቦች ገቡ። ሸማው ይጠቀለልበት የነበረውን ወፍራም እንጨት እንዲያድሩበት በአግድም ሰቅዬላቸዋለሁ። አንዷም አልወጣችበትም። ሁሉም መሬት ላይ፣ ጣውላውን ከበው ተኙ። ከበው አልኩ እንዴ? በሦስቱ ጎን ብቻ። አሰፋ ይቀመጥበት የነበረውን ጎን ባዶ ተዉት። ወደዚያ ገፋኋቸው። ተመለሱ። ደግሜ ገፋሁ። ተመለሱ።

ቤቱ አዲስ ሆኖባቸው ነው። ይለምዱታል።

ዓርብ፣ ጥቅምት 15። ጠዋት 1፡15

ጣውላው ተነሥቶ ግድግዳ ተደግፏል። እማማ ላይ ጮኽኩ። አልነካሁም ብለው በቁስቋም ማርያም ማሉልኝ። እሳቸው ደግሞ በማርያም ስም አይዋሹም። ጣውላውን መልሼ ድንጋይ ጫንኩበት፣ ሳነሣው ወገቤን የያዘኝን ድንጋይ።

ያው ቀን፣ 8፡00

ልብስ ሳሰጣ ሰማሁ። ጧ ጧ፣ ዝም። ጧ ጧ፣ ዝም። ከዶሮ ቤቱ ነው። አሰፋ ሲሸምን ሁለቴ መትቶ ያርፍ ነበር። ሽሮ ሜዳ ያሉ ሸማኔዎች በዚህ ይሥቁበት ነበር፣ እንደሱ የሚመታ የለም። ዶሮ እንጨቱን እየነቆረች ይሆናል ብዬ ዞርኩ። አምስቱም እግሬ ሥር ናቸው። ቆጠርኳቸው። አምስት። እርጥቡን አንሶላ እንደያዝኩ ቤት ገባሁ።

ፈራሁ፣ ደብተሬ። ለሰው ግን አልናገርም።

እሑድ፣ ጥቅምት 17። ከሰ. 12፡00

ከቤ/ክ መልስ የእድሩ ሰዎች መጡ። ሦስት ዓመት ያለ ለቅሶ አይሆንም፣ ነገ ድንኳን ተክለን እናልቅስለት አሉ። እኔ ስወተውት የኖርኩት ይኸንኑ ነው። እምቢ ይሉ የነበሩት እማማ ናቸው። ዛሬ እሳቸው እሺ አሉ።

ሰዎቹ ሲሄዱ እማማ አካፋ አቀበሉኝ። «ድፈኚው ልጄ። እኔም ደከመኝ፣ እሱም ይረፍ።»

ድንጋዩን አንከባለልኩ። ጣውላውን አነሣሁ። እስከ ግማሽ ሞላሁት። አፈሩ ሲወድቅ ድምፁ የመቃብር ነው። ከዚያ በላይ አልቻልኩም። እማማ መሬት ተቀምጠው አለቀሱ። እኔ እንባ እንኳ አልመጣልኝም።

ሰኞ፣ ጥቅምት 18። ጠዋት 12፡40

ትናንት የሞላሁት አፈር ላይ ሁለት ጎድጓዳ ቦታ አለ። ጎን ለጎን። እኩል። የእግር ርዝመት። አውቃለሁ፣ ዶሮ አፈር ላይ ስትንከባለል ጎድጓዳ ትሠራለች። አምስት ዶሮ ሁለት ብቻ ይሠራል? እጄን ከተትኩበት። ይሞቃል። አምስቱም ቆመው ያዩኛል፣ ያንን ጎን ባዶ ትተው።

እማማ ጥቁር ለብሰው የእድሩን ሰዎች ሊጠሩ ወጥተዋል። የእኔንም ጥቁር ቀሚስ አልጋዬ ላይ ዘርግተውልኛል። ሦስት ዓመት ሙሉ ሞቷል ስል የኖርኩት እኔ ነኝ። አልለብሰውም።

2፡10

ቆርቆሮው ወርዷል። ሽቦው ተነቅሏል። ዶሮዎቹ ጋሽ ወርቁ አጥር ሥር ይደሩ። አፈሩን በእጄ አውጥቼ ጨረስኩ። እንጨቶቹን አስተኝቻቸዋለሁ፣ የትኛው ከየትኛው እንደሚገጥም ግን ጠፍቶኛል። የሳለብሽን ሁሉ ገለጥኩ። ጥለት ብቻ ነው። መልሼ ልገጥማቸው እሞክራለሁ።

የግቢው በር እየተንኳኳ ነው። ድንኳኑን ይዘው መጥተዋል። እማማ በስሜ ይጠሩኛል፣ ልጄ ክፈቺ ይላሉ። ከውስጥ ቆልፌዋለሁ።

አልከፍትም።