ይሰማል?

ይድረስ ለምወድህና ለምሳሳልህ ወንድም ጋሼ፦

እንደምን ሰንብተሃል? ጤናህስ እንዴት ነው? ያ ብርድ በነካው ቁጥር የሚያስቸግርህ ወገብህ ተሻለው? ሚስትህ ደህና ናት? ትንሿስ ጥርስ አወጣች? እኛ ደህና ነን። ደህና የምልህ ግን ፊቴን ስለማታየው ነው እንጂ ቤታችን ሐዘን ነው።

የአባባ ጓደኛ፣ የቀድሞው የጦር አውሮፕላን አብራሪ፣ አረፉ። አባባን «ዓሣው» እያሉ የሚጠሩት፣ አባባ ደግሞ «አሞራው» የሚሏቸው እኚያ ሰውዬ። የልብስ መስፊያ ክፍሌ በር ላይ ሁለት ወንበር ይዘው፣ ባሕር ይበልጣል አየር ይበልጣል እያሉ ሲጨቃጨቁ ስንት ደንበኛ አባረውብኛል መሰለህ! አሁን አንዱ ወንበር ባዶ ነው። ላነሳው ስል አባባ ተቆጡኝ።

ወንድም ጋሼ፣ ባለፈው ደውለህ ምን እንዳልከኝ አልረሳሁም። «አባባ ጥያቸው በመሄዴ ቂም ይዘውብኛል፤ እኔ እለፈልፋለሁ፣ እሳቸው ዝም» ብለህ አለቀስክ። እኔም እውነት መስሎኝ ተቀይሜያቸው ነበር። ለካስ ነገሩ ሌላ ነው። ጋሽ አሞራው ሆስፒታል ሳሉ ንጹሕ ሸሚዝ ይዤላቸው ስሄድ፣ አባባ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ሲነግሯቸው ሰማሁ።

በጦርነቱ ጊዜ አባባ የመርከብ ሬዲዮ ሠራተኛ እንደነበሩ ታውቃለህ። አንድ ቀን፣ ጠላት ያሉበትን እንዳያውቅ ከሬዲዮው ምንም ድምፅ እንዳይወጣ ታዞ ሳለ፣ አንድ የኛ ወገን አውሮፕላን ተመትቶ ባሕሩ ላይ መንገድ ጠፋው። የሚያበረው የጋሽ አሞራው የልብ ጓደኛ ነበር። «መርከብ፣ ይሰማል? ወዴት ልምጣ? ይሰማል?» ይላል። አባባ ይሰማሉ። እጃቸውን ወደ መናገሪያው ሲሰዱ አዛዡ ከኋላ ቆሞ ያዛቸው። ልጁ «ይሰማል?» እንዳለ ድምፁ ጠፋ። ጋሽ አሞራው ስለዚያ ጓደኛቸው ባወሩ ቁጥር፣ አባባ አንገታቸውን ደፍተው ዝም ይሉ ነበር።

ጋሽ አሞራው ይህን ሲሰሙ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። አባባ፣ በቃ አበቃልን ብለው ባርኔጣቸውን አንስተው ሊወጡ ሲሉ፣ ጋሽ አሞራው «እኔ እኮ ማንም ሳይሰማው ብቻውን የሞተ መስሎኝ ነበር» አሉና እጃቸውን ዘረጉላቸው። ሁለቱ ሽማግሌዎች ተያይዘው አለቀሱ። እኔም ሸሚዙን እንደያዝኩ በሩ ላይ ደርቄ ቀረሁ።

እንግዲህ አስበው። አንተ ስትደውል መስመሩ ይንጫጫል፤ ድምፅህ ይርቃል፣ ይቀርባል፤ አንተም «አባባ፣ ይሰማል? ይሰማል?» ትላለህ። ከዚያ በኋላ አፋቸው አይላወስም። ስልኩን ግን አይለቁትም፤ አንተ ከዘጋኸው በኋላ እንኳ ጆሯቸው ላይ ይዘውት ይቆያሉ። ቂም አይደለም፣ የኔ ወንድም። እባክህ ያቺን ቃል ተዋት። ዝም ብለህ አውራቸው፤ ስለ ሥራህ፣ ስለ ልጅህ ጥርስ፣ ስለ ወገብህም ቢሆን።

ሚስትህን እጅግ አድርገህ ሰላም በልልኝ። ትንሿን ሁለቱንም ጉንጯን ሳምልኝ። ባለቤቴ ናፍቆሃል፤ ልጆቼም አጎታቸውን ይስማሉ። ይህን ደብዳቤ ለአባባ አነበብኩላቸው። ተቆጥተው ያስቀድዱኛል ብዬ ፈርቼ ነበር፤ እስክሪብቶውን ተቀብለውኝ ከታች አንዲት ቃል ጻፉ።

እህትህ
ከአባባ ቤት፣ ከስፌት መኪናዬ አጠገብ
ሰኔ 9 ቀን

ይሰማል።