በደመና ላይ ስለ ማሳበቅ

ለተከበሩ የጤና ጣቢያችን ኃላፊ፣ ለአቶ ክንዴ
ባሉበት፤ ይልቁንም በስብሰባ አዳራሽ

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ባለፈው ዓርብ ሞተዋል ተብሎ የተለቀሰልዎ ሰው ስለሆኑ ይህ ጥያቄ ከእኔ በኩል ለወግ ያህል ብቻ የቀረበ አይደለም።

ነገሩ የተበላሸበትን ቅጽበት በደንብ አውቀዋለሁና ከዚያው ልጀምር። ማክሰኞ ረፋድ ላይ፣ ለሰሊጥ አረም ቆላ ጃዊ ወርዶ ትኩሳት ይዞት የተመለሰው የእንየው ደም ማይክሮስኮፔ ሥር እንዳለ፣ ከእንጅባራ በኩል የመጣ ደመና ፀሐይዋን ሸፈናት። እንደሚያውቁት መብራት ከጠፋብን ሰንብቷል፤ እኔ የላብራቶሪ ባለሙያዎ የምሠራውም በመስኮት በምትገባው ፀሐይ ነው። እንየው አግዳሚው ላይ እየተንቀጠቀጠ፣ እኔም ሰማይ ሰማይ እያየሁ፣ ደመናው እስኪያልፍ ስልኬን አወጣሁ። እንደ ክፉ አጋጣሚ ያን ዕለት ኔትወርክ ነበር።

የየአገሩ የላብራቶሪ ሠራተኞች የሚገናኙበት አንድ የፌስቡክ ቡድን አለ። የቀኑ ጥያቄ በሥራ ቦታችሁ ምን ጎደላችሁ የሚል ነበር። አንዲት የኖርዌይ ሴት ብርሃን በዝቶ ዐይኗን እየወጋት መጋረጃ ብትጠይቅ እንደዘገየባት በምሬት ጽፋለች። አንድ ፊሊፒናዊ የክፍሉ ማቀዝቀዣ ጉንፋን አስያዘኝ ይላል። አንዲት ኬንያዊት ደግሞ የጀነሬተር ጩኸት ራሴን አመመኝ ትላለች። እኔም በትሕትና፣ እኛ ዘንድ ማይክሮስኮፑ ደኅና እንደሆነና የምንጠብቀው ፀሐይን ብቻ እንደሆነ ጽፌ የመስኮቴን ፎቶ ለጠፍሁ። የኖርዌይዋ ሴት ቀልድ መስሏት ሳቀች፤ የምሬን መሆኑን ስነግራት ይቅርታ ጠየቀችኝ። አንድ የዳንግላ ልጅ ጽሑፉን ወስዶ ላገር አዳረሰው፤ በማግስቱ እርስዎ ዘንድ ደረሰ። እንየው ግን ደመናው ስላልተገፈፈ ያለ ውጤት ወደ ቤቱ ሄደ።

ከዚያ ወዲህ ስለተደረገልኝ ሁሉ ምስጋናዬን በተራ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ሠራተኛውን ሁሉ ሰብስበው፣ ይች ልጅ ገጽታችንን አበላሸች፣ ከሰው አገር ጋር ምን አወዳደራት ስላሉ አመሰግናለሁ። እስከዚያ ቀን ድረስ ማወዳደር ነውር መሆኑን አላውቅም ነበር። በየስብሰባው የሲንጋፖርን ተሞክሮ የሚያቀርቡልን፣ አርፍደን ስንገባ የጃፓን ሠራተኛ እንደማያረፍድ የሚመክሩን፣ ፈቃድ ስንጠይቅም ቻይና ብትሆኑ ማን ይሰጣችሁ ነበር የሚሉን እርስዎ ነዎትና ተሳስቼ ነው። አሁን ገባኝ፤ ላባችን ከዓለም ጋር ይወዳደራል፣ መብራታችን ግን የአገር ምሥጢር ነው። ይልቅ አንድ ነገር ልብ ብዬ ነበር፤ የኖርዌይዋ ሴት ስትማረር ገጽታ አበላሸሽ ያላት ሰው የለም። መጋረጃውን ሰቀሉላት።

ሁለተኛ፣ ላብራቶሪውን በእውነተኛ ገጽታው ፎቶ ለማስነሳት ስለደከሙ አመሰግናለሁ። ሶፋው ከቤትዎ በጋሪ መጣ፤ መጋረጃው ከሰርግ አስጌጩ ዘንድ ተለመነ፤ የታካሚ ማረፊያ ያለን እንዲመስልም የሰፈሩ እድር ድንኳን ከነአግዳሚዎቹ ግቢያችን ውስጥ ተተከለ። ክቡር ሆይ፣ የእድር ድንኳን ጤና ጣቢያ ግቢ ሲተከል ያየ ሰው ምን ያስባል ብለው ነበር? ሶፋው ከቤትዎ ሲወጣ ያየ ደግሞ የሞተው ማን እንደሆነ ለመገመት አልተቸገረም። የሰፈሩ እመት ዘውድነሽ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ጎረቤቶቻቸውን አስከትለው፣ ምነው ክንዴ፣ ምነው ወንድሜ እያሉ ደረታቸውን እየደቁ ገቡ። በፈረስ ከሩቅ የመጡ ሽማግሌዎችም ከኮርቻቸው ወርደው አግዳሚው ላይ አንገታቸውን ደፉ። እርስዎ የእኔን ነጭ ጋዋን ለብሰው ብቅ ሲሉ እመት ዘውድነሽ መጀመሪያ አማተቡ፤ ቀጥለው፣ ካልሞትህ ድንኳኑን ምን አስተከለህ፣ ሥራ አስፈታኸን እኮ አሉዎ። በአማርኛ ያለቀሱትን ያህል በአገውኛ ተቆጡ፤ ትርጉሙን ለክብርዎ ስል ትቼዋለሁ።

ሦስተኛ፣ ስለ ጀነሬተሩ። ለካ አለን! የአዳራሹን ድምፅ ማጉያ የሚያስጮኸው ጀነሬተር ለፎቶው ሲባል ሽቦው እስከ ላብራቶሪው ተዘርግቶ አምፖሌ በራ። ሰዎችዎ መጋረጃ ሲሰቅሉ እኔ ሥራዬን ሠራሁ። ወንድሙ ደግፎ መልሶ ያመጣው እንየው ወባ እንዳለበት የታወቀው በዚያ ብርሃን ነው፤ መድኃኒቱን ጀምሯል። ለዚህ ያለ ምጸት አመሰግንዎታለሁ፤ ሳያስቡት ሰው አድነዋል። ፎቶው እንዳለቀ ግን ሽቦው ተጠቀለለ፤ የአንዲት ነፍሰ ጡር ደም በእጄ እንደያዝሁ ጨለመብኝ። ሰማዩ ሲጠራ ተመለሺ ብዬ የነገርኋት እኔ ነኝ። ቃሉ እስካሁን አፌን ይመረኛል።

አራተኛ፣ ፎቶውን በእኔ ስም፣ ቀድሞ የጻፍሁት ስሕተት ነበር፣ ምንም የጎደለን የለም ከሚለው የእርስዎ ድርሰት ጋር እስከ ሰኞ እንድለጥፍ፣ እምቢ ካልሁም ከላብራቶሪ ወጥቼ ካርድ ክፍል እንድመደብ በማዘዝዎ፣ ምርጫ ስለሰጡኝ አመሰግናለሁ። ሰኞ አልፏል፤ አልለጠፍሁም። የዝውውር ደብዳቤዬን ሲያስጽፉ በምክንያቱ ቦታ ላይ ብርሃን ጠይቃ የሚለውን እንዳይረሱብኝ አደራ። ደብዳቤው እስኪደርሰኝ ድረስ የሚያገኙኝ መስኮቴ ሥር ነው። ጀነሬተሩ ለድምፅ ማጉያ እየሠራ ታካሚ ደመና ሲቆጥር ዝም ማለቱ ግን በቅቶኛል።

ለድምፅ ማጉያዎ ረጅም ዕድሜን፣ ለጀነሬተርዎ የማይጎድል ነዳጅን፣ ለእርስዎም በቁሙ ተለቅሶለት ለቅሶውን የሰማ ሰው ሊኖረው የሚገባውን ጥበብ ከልብ እየተመኘሁ፣

ቤዛዊት አበረ
የላብራቶሪ ባለሙያ (እስከ ቀጣዩ ስብሰባ)

የተረሳ ነገር፦ በፎቶው ላይ ማይክሮስኮፑ ላይ ጎንበስ ብለው፣ ግንባርዎን ቋጥረው፣ አንድ ከባድ ነገር እንዳገኘ ሰው ሲመለከቱ ይታያሉ። ቦታ ልልቀቅልዎ ብዬ የነፍሰ ጡሯን የደም ስላይድ አንሥቼው ስለነበር ሥሩ ባዶ ነበር። ያዩትን ነገር በራስዎ ስም ይለጥፉት። እኔ ከእንግዲህ፣ በታካሚ ወረቀትም ሆነ በፌስቡክ፣ በዐይኔ ካላየሁት ነገር ሥር ስሜን አላኖርም።