ከቁጥር በላይ የሆነው ከረጢት

ለማከብርሽ እህቴ፣

ጉልበትሽ እንዴት ከረመ? ደረጃው አሁንም ያስቸግርሻል? ልጅቷስ ፈተናዋን አለፈች? እኔ ከእንቅልፍ በቀር የጎደለብኝ የለም። ይህን ደብዳቤ ግን ተቀምጠሽ አንብቢው።

የተላክሁት ወደ አሮጌው የማዕድን ዋሻ ነው። አዎ፣ ባልሽና እኔ አብረን ወደሠራንበት። ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በኋላ አዲስ ኩባንያ አስከፈተው። በአለቱ መሃል የሚያልፈው ነጭ የድንጋይ ሥር ወርቅ፣ ብርና እርሳስ አለው፤ ምን ያህል እንደሆነ ለማወቅ ግድግዳውን በየሜትሩ በመሮ እየፈለፈልን ናሙና እናወጣለን። ከመግቢያው ሰማንያ ሜትር ላይ መንገዱ በናዳ ተዘግቷል።

በቀን ሃያ ከረጢት እንሞላለን። ሰኞ ማምሻውን ስቆጥር ሃያ አንድ ሆነ። መቼም ታውቂኛለሽ፤ ሠራተኞቹን አሰልፌ ጮኽሁባቸው። አለቃቸው አፉ አያርፍም፤ መሬቱ ራሱ ናሙና መላክ ጀምሯል፣ እንግዲህ ደመወዝ ቁረጡለት ብሎ አሳቃቸው። ትርፉን ከረጢት ፈትቼ፣ ናሙናው ከመግቢያው ስንት ሜትር ላይ እንደወጣ የሚጻፍበትን መለያ ወረቀት አወጣሁ። «84 ሜትር» ይላል። ከናዳው ወዲያ ማለት ነው።

ማክሰኞ 83። ረቡዕ 82። ሐሙስ ሃያውንም ራሴ ሞላሁ፣ ራሴ አሰርሁ፣ በሩ ላይ ተቀምጬ ጠበቅሁ። 81 መጣ። አለቃው ያን ቀን አልቀለደም፤ ኢንጂነር፣ እኔ ልጆች አሉኝ ብሎኝ መሮውን ሰብስቦ ሄደ። ከላብራቶሪ የደወለችው ሴት ደግሞ ሌሎቹ ተራ ድንጋይ ናቸው፣ በትርፉ ከረጢት ያለውን ግን ከየት አመጣኸው አለችኝ። ስልኩን ዘጋሁባት።

ጽሕፈቱን አውቀዋለሁ። ስምንትን ሁለት ክብ አነባብሮ የሚጽፍ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ስንቴ ተቆጥቼዋለሁ።

እትዬ፣ ባልሽ ጥሎሽ አልሄደም። ሌላ ሴት አልነበረችም። ያንን ወሬ ፈጥሬ ያመጣሁልሽ እኔ ነኝ። የጠፋ ዕለት አሥራ ዘጠኝ ከረጢት ይዞ ከዋሻው ወጣ። ጣሪያው እየተሰነጠቀ ነው፣ ነገ እጨርሰዋለሁ አለኝ። ሰበብ መሰለኝ፤ ሃያ ሳትሞላ እንዳትወጣ ብዬ መለስሁት፤ ናዳው ዘጋበት። በማግስቱ ዋሻው ባዶ ነው ብዬ ፈረምሁ። ከውስጥ የሚሰማው ድምፅ የውሃ ጠብታ ነው ብዬም ጻፍሁ። ውሃ ግን ሲያንኳኩለት መልሶ አያንኳኳም።

ዛሬ 80 መጣ። ከቁጥሩ ሥር፣ በዚያው ጽሕፈት፣ «አሁንስ ሞላ?» ይላል።

የቀሩትን ሠራተኞች አሰናብቻለሁ። ነገ ጠዋት ብቻዬን እገባለሁ፤ ሰው ሲጠይቅ በአካል መልስ ይሰጠዋል።

አባቷ ወደ ቤቱ ሊመጣ ሥራውን እየጨረሰ እንደነበር ለልጅቷ ንገሪያት። እሱን ስትረግሚበት የኖርሽውን አንሺለት፤ ለማን እንደሚገባ አሁን ታውቂያለሽ። ጉልበትሽን ያበርታልሽ፤ ቤትሽን ሰላም ያድርግልሽ።

ያባትሽ ልጅ