መርፌ ላይ የቆሙ ወታደሮች

ረቡዕ፣ ኅዳር 11

በሩን መቆለፍ ነበረብኝ። አልቆለፍኩትም፤ ለዚያ ብቻ ክራንች ተደግፎ መነሣት ይደክማል፤ በአክስቴ ቤት ደግሞ የተቆለፈ በር ራሱ ጥያቄ ያስነሣል። ጎረቤታችን እትዬ ዘነበች ሳያንኳኩ ገቡ።

ያዩትን በቅደም ተከተል ልመዝግብ፤ ነገ ተለውጦ መነገሩ አይቀርም።

– ጠረጴዛዬ ላይ ከአውራ ጣት የማይበልጡ ጥቋቁር ሰዎች፤
– ከእያንዳንዱ ሰው እግር ወጥቶ የጠርሙስ ቡሽ ላይ የተተከለ መርፌ፤
– ጥሬ ቡና ትሪ ላይ በትኜ፣ አጎንብሼ ስቆጥር እኔ ራሴ፤
– በስልክ የተናገርኩት ቃል፦ «ሦስቱ ሞተዋል። መሪያቸው ግን ተርፏል።»

የያዙትን የቆጮ ሰሐን ደፉ ላይ አስቀመጡና «በኢየሱስ ስም!» ብለው ወደ ኋላቸው ተመለሱ።

«ማን ነው?» አለ ካሌብ በስልክ።

«ጎረቤት ናቸው» ብዬ ዘጋሁት።

ነገሩ ለራሴ ግልጽ ይሁን። እኔና ካሌብ (ዩኒቨርሲቲ እሱ ፊዚክስ፣ እኔ የመሬት ቅየሳ እናስተምራለን) ጠረጴዛ ላይ የጦር ሜዳ ጨዋታ እንጫወታለን። ወታደሮቹን ከቀጭን ሽቦና ከሚደርቅ ማጣበቂያ እቀርጻለሁ፤ መጀመሪያ ጥቁር መደብ፣ ቀጥሎ የልብሳቸውንና የፊታቸውን ቀለም እቀባለሁ። መርፌው ቀለሙ እስኪደርቅ መያዣ ነው፤ በኋላም ወታደሩን ኮረብታው ላይ ያቆመዋል። ኮረብታው የፎም ነው። ሣሩ የእንሰት ቃጫ፣ የረገፈው ቅጠል የቡና ገለፈት። ቀደም ሲል ካሌብ ቤት እንገናኝ ነበር። ኮንጋ ወደሚባለው ገጠር ተማሪዎችን ለልምምድ ይዤ ወጥቼ ቁልቁለቱ ላይ ከወደቅኩና ቁርጭምጭሚቴ ከተሰበረ ወዲህ ግን በስልክ ነው፤ እሱ የኮረብታውን ካርታ ይዞ፣ እኔ ኮረብታውን ይዤ።

ማን መታ፣ ማን ሳተ የሚለየው በዳይስ (ነጥብ ባለው ባለ ስድስት ጎን መጣያ) ነበር። አክስቴ ዳይስ ቁማር ነው ትላለች። በቤቷ እሷን ላለማስቀየም በጥሬ ቡና ተካሁት፤ ጠፍጣፋው ጎን ወደ ላይ ከሆነ መታ፣ ድቡልቡሉ ከሆነ ሳተ። ጥንቃቄ መስሎኝ ነበር። ጠጠር ጣይ ምን እንደሆነ ሕፃን በሚያውቅበት አገር፣ ፍሬ በትኖ ሞትን መናገር ምን እንደሚመስል አላሰብኩም።

ሐሙስ፣ ኅዳር 12

ክፍሌ ከሳሎኑ ጀርባ ነው፤ ሌላ መውጫ የለውም። መጸዳጃው ጓሮ ነው። ሐሙስ ከሰዓት ሳሎኑ የአክስቴ የጸሎት ቡድን ነው። ስለዚህ ሐሙስ ከምሳ ጋር ውኃ አልጠጣም። ዛሬ ረስቼ ጠጣሁ።

መዝሙሩ አለቀ። ከዚያ የእትዬ ዘነበች ድምፅ፦

«ጥቁር ናቸው። በእግራቸው መርፌ ገብቷል። አንዱማ እግሩ የለም!»

(እግሩ ተሰብሮ ጥገና የሚጠብቅ ወታደር አለኝ።)

«እንዴት እግሩ የለም?»

«የለም አልኩሽ! የእኔ ሰውዬ እግሩን ሲያመው የከረመው ታዲያ በባዶ ነው?»

አንዲት ሴት «ምሕረት እኮ የተማረች ናት» አለች። ሌላዋ «የተማረ አይደል እንዴ የሚብሰው!» ብላ መለሰች። ሳቁ፤ ወዲያው ግን ሳቁን አቆሙ። የአክስቴን ድምፅ ጠበቅሁ። አልመጣም። ቡድኑን የምትመራው እሷ ናት። ባለፈው ሳምንት እነዚሁ ሴቶች የእግሬን ራጅ በመስኮቱ ብርሃን እያዩ፣ በየተራ እጃቸውን ጭነው ጸልየውልኛል። እግሬን ማስነካት ስለማፍር ራጁን ነበር የሰጠኋቸው። ፊልሙ ዛሬም አክስቴ ፍራሽ ሥር ነው።

ሁሉም ከሄዱ በኋላ አክስቴ መጣችና በሩ ላይ ቆመች።

«ምንድን ናቸው?»

«ሥራ ነው አክስቴ።»

«የዩኒቨርሲቲ?»

አዎም አይደለምም አላልኩም። በዚህ የተካንኩ ነኝ።

«የማን ናቸው?»

«የማንም አይደሉም።»

ፊቷ ሲለወጥ አየሁ። ከሁሉ የከፋው መልስ ያ እንደነበረ የገባኝ እሷ ከሄደች በኋላ ነው። የማንም ሰው ያልሆነ ነገር፣ እሷ ዘንድ፣ የርኩስ መንፈስ ነው።

እውነቱን ለምን አልተናገርኩም? «ጦርነት» የሚለው ቃል ዛሬ ከአፍ በቀላሉ የሚወጣ ቃል ስላልሆነ። ኮረብታ የምትለካ ሴት፣ ኮረብታ ሠርታ ወታደር ብትደረድርበት፣ ጥያቄው ከቤተ ክርስቲያን ወደ ቀበሌ ሊሻገር ይችላል። ለዚህም ተጠንቅቄ ነበር፤ ባንዲራ የላቸውም፣ አገራቸው ስም የለውም፤ ለልብሳቸው ወይን ጠጅ ቀለም የመረጥኩት እንዲህ ያለ ሠራዊት አይቼ ስለማላውቅ ነው። ማንንም እንዳይመስሉ ለፋሁ። ተሳካልኝ። አሁን መንፈስ ይመስላሉ።

ዓርብ፣ ኅዳር 13

አክስቴ ቁርሱን አስቀምጣ፣ መስኮቱን እያየች ተናገረች፦

«እሑድ ከአምልኮ በኋላ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎቹ ይመጣሉ። ይጸልያሉ። የሚቃጠል ካለ ይቃጠላል።»

«አክስቴ፣ ሁለት ዓመት የሠራሁት ነው።»

«እኔስ? እዚህ ሰፈር ስንት ዓመት ነው ስሜን የሠራሁት?»

 እሷ ትክክል ናት። «ቤቷ ጠንቋይ አስቀምጣ ጸሎት ትመራለች» ከተባለ ያ ስም አይመለስም። እኔም ወዴት እሄዳለሁ? በአንድ እግር የትኛው ባለቤት ያከራየኛል? ይህ ሁሉ አልቆ እንኳ ወታደሮቹ ከተቃጠሉ፣ «ጥንቆላዋ ተቃጠለ» የሚለው ወሬ ከእኔ ቀድሞ ክፍል ይገባል። ተማሪዎቼ ግማሹ የዚሁ ከተማ ልጆች ናቸው።

ጓሮ የተሰጣው ቡና ወደ አንድ ጎን ተሰብስቧል። መሬቱ ባዶ ነው። የነጭ ጋዙ ጀሪካን ደፍ ላይ ተቀምጧል።

ለካሌብ ደውዬ ሁሉንም ነገርኩት።

«አንቺ ጠጠር ጣይ፣ ለእኔም ጣይልኝ እስቲ፤ የደረጃ እድገቴ ዘንድሮ ይመጣል?»

«አትቀልድ።»

«እሺ። በባጃጅ መጥቼ ልውሰዳቸው?»

«በየት አስወጥተህ?»

መውጫው አንድ ብቻ፤ በሳሎኑ ነው፣ በአክስቴ ፊት። የተሸሸገ ዕቃ ደግሞ ጥፋቱን አምኗል ማለት ነው።

ሌላው አማራጭ «የማስተማሪያ ሞዴል ነው» ብሎ መዋሸት ነው። ከሽማግሌዎቹ የአንዱ ልጅ እኛ ክፍል ይማራል። ተሰረዘ።

የቀረው አንድ ነው፤ የሚያስፈራው ጥቁረታቸው ከሆነ እስከ እሑድ ቀለም መቀባት። ጀመርኩ። ወይን ጠጁን አቅጥኜ ሁለት ጊዜ፤ ቀበቶውን ቡናማ፤ ፊቱን ከጥቁሩ ወደ ብርሃኑ ደረጃ በደረጃ። ትንፋሼን ይዤ የአንዱን ዓይን በአንድ ጊዜ አገባሁት። ለዚያች ቅጽበት ምንም አልፈራሁም ነበር። እግር የሌለውንም ጠገንኩት፤ የተሰበረውን እግር በስቼ፣ መርፌ አስገብቼ፣ አጣብቄ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 14

ዝናብ። ሙሉ ቀን ቀለም። ጀርባዬ ተገትሯል።

ከሰዓት አክስቴ ሻይ ይዛ ገብታ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ጠረጴዛውን ላለማየት ስትጥር ይታወቅባታል።

«ለእናትሽ ደውዬ ነበር። ልነግራት አስቤ አልነገርኳትም።»

«ምን ትነግሪያት ነበር?»

«እሱን ነዋ የማላውቀው! አንቺ ተናግረሽ ታውቂያለሽ? ከልጅነትሽ ጀምሮ አንድ ነገር ሲጠይቁሽ ግማሹን ትመልሻለሽ፣ ግማሹን ታስቀምጫለሽ። ለመቼ ነው የምታስቀምጪው?»

ይህንን የምጽፈው ልክ ስለሆነ ነው።

ስትነሣ ዓይኗ አመለጣት። ጠረጴዛው ጫፍ ላይ የቆመውን ወታደር አየች።

«ይሄ ካባው ያምራል» አለች፤ ወዲያው የሚያስወቅስ ነገር እንደተናገረች ሁሉ ብርጭቆውን ነጥቃኝ ወጣች። ሻዩን ገና አልጨረስኩም ነበር።

እሑድ፣ ኅዳር 15

ሦስት ሽማግሌዎች መጡ፤ ከኋላቸው እትዬ ዘነበች። ክፍሉ ጠባብ ስለሆነ ሁለቱ በሩ ላይ ቀሩ። ሦስተኛው ጋሽ በራሶ፣ ወናጎ ወረዳ የቡና ማሳ ያላቸውና አክስቴን ሲድሯት የመረቁት፣ ያለችኝ አንዲት ወንበር ላይ ተቀመጡ።

ገና ሳይናገሩ እትዬ ዘነበች ጮኹ፦

«ጥቁር ነበሩ! እግዚአብሔር ያያል፣ ረቡዕ ጥቁር ነበሩ! ዛሬ ልብስ ለብሰዋል!»

በሩ ላይ ያሉት አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አሉ። የሁለት ቀን ሥራዬ ማስረጃ ሆነብኝ። በዚህ ሳምንት የተጠነቀቅኩት ሁሉ እንዲሁ ነው የሆነው።

ጋሽ በራሶ ወደ ጠረጴዛው ጎንበስ አሉ።

«የማን ናቸው?»

ያዘጋጀሁት መልስ ነበረኝ፤ ረጅም፣ ማንንም የማያስቆጣ፣ ምንም የማይል። አፌ ላይ ሲደርስ አስጠላኝ።

«የእኔ ናቸው» አልኩ። «እኔ ነኝ የሠራኋቸው። መጫወቻ ናቸው ጋሼ፤ የጦርነት ጨዋታ። ጓደኛዬ በስልክ ይጫወታል። ሞቱ ያልኩት እነዚህን ነው።»

«በዚህ ዕድሜሽ?»

«አዎ።»

«መርፌውስ?»

«እንዲቆሙ ነው።»

«ለመቆም መርፌ ምን ያደርጋል!» አሉ እትዬ ዘነበች። ድምፃቸው ተሰበረ። «የእኔ ሰውዬ እግሩን እየተወጋ ነው የሚያድረው!»

ያን ጊዜ ፊታቸውን አየሁ። ክፋት አልነበረበትም። ባላቸው የታመመባቸው ሴት ናቸው።

ጋሽ በራሶ አንዱን አንሥተው መርፌውን ነቀሉ። ኮረብታው ላይ አቆሙት፤ ወደቀ። ደግመው አቆሙት፤ ወደቀ። በዚህ መሐል አክስቴ ወጣች። የጋዙን ጀሪካን ልታመጣ ነው ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ።

ስትመለስ በእጇ ራጁ ነበር። ሰዎቹን ገፍታ አልፋ መስኮቱ ላይ ለጠፈችው። የቁርጭምጭሚቴ አጥንት፤ ውስጡ ሁለት ቀጫጭን ነጫጭ ብረቶች።

«ይኸው! ዘነበች፣ ነይ እዪ! እጅሽን ጭነሽ የጸለይሽበት ነው። ይሄ ምንድን ነው? መርፌ አይደለም? ሐኪሙ ነው የከተተው፤ እንድትቆም ነው ያለኝ። እንግዲህ እሷንም አቃጥሏት!»



«አስቴር» አሉ ጋሽ በራሶ አክስቴን፣ ቀስ ብለው፣ «ጋዙን ደፍ ላይ ያስቀመጥሽው አንቺ ነሽ።»

«አስቀመጥኩ! አነሣዋለሁ!»

በሩ ላይ ያሉት ሳቁ። ጋሽ በራሶ መርፌውን ወደ ወታደሩ እግር መልሰው፣ ኮረብታው ላይ ተከሉት። ቆመ። ከዚያ ለእኔ ቁርጭምጭሚትና ለእትዬ ዘነበች ባል ጸለዩ፤ ለባልየው የጸለዩት የበለጠ ረዘመ፣ ይገባዋልም። ሲነሡ ግን ትሪውን አመለከቱኝ።

«ፍሬ መጣሉ ይቅር። ለሚያየው ጥሩ አይደለም።»

«እሺ ጋሼ። በምን ልጫወት?»

አክስቴ ቀደመችኝ። «በዕጣ! ሐዋርያትስ ዕጣ ጥለው የለም?»



ሰኞ፣ ኅዳር 16

እትዬ ዘነበች አንኳኩተው በሩን ከፈቱ። ደፉን አላለፉም።

«ያ እግር የሌለው የት አለ?»

«ጠገንኩት።»

«በመርፌ?»

«በመርፌ።»

ወታደሩን ከሩቅ አዩት። «የእኔንም ሰውዬ ራጅ ላስነሣው እንዴ?» አሉ፤ እኔን ይሁን ራሳቸውን የጠየቁት አላወቅሁም። መንገድ ላይ ምን እንደሚያወሩም አላውቅም። ሰሐናቸውን ይዘው ሄዱ።

አክስቴ ከምሳ በኋላ ወረቀት ቆራርጣ፣ ቁጥር አስጽፋኝ፣ ራሷ እየጠቀለለች ብርጭቆ ውስጥ ጨመረች። አንዱን አውጥታ ከፈተች።

«አምስት። ጥሩ ነው?»

«መታሽ ማለት ነው።»

«ማንን?» ብላ ደነገጠች። የካሌብን ሰው አልኳት። «እሱ ካሌብ ደግሞ ቅዳሜ ይምጣ፣ ልየው። ግን ወንድ ልጅ መኝታ ክፍል አይገባም። ጠረጴዛው ሳሎን ይውጣ።»

አሁኑኑ ካልወጣ አለች። እሷ በአንድ ወገን፣ እኔ ክራንቼን ብብቴ ሥር ይዤ በሌላው፣ እየገፋን ኮረብታውን ከነወታደሮቹ በዚያች ብቸኛ በር አሳለፍነው። አንድም አልወደቀም። መሐል ሳሎን፣ የጸሎት ቡድኑ ወንበሮች የሚከቡት ቦታ ላይ፣ ተቀምጧል። ክፍሌ ድንገት ሰፋ። በሩ ክፍት ነው፤ ከአልጋዬ ሆኜ ወይን ጠጅ ካባቸው ይታየኛል።

ካሌብ የሚመጣው ቅዳሜ ነው። ከቅዳሜ በፊት ግን ሐሙስ አለ።