በሩ ላይ የሚነበብ የአቶ ሰይፈሥላሴ ታደለ የሕይወት ታሪክ

አቶ ሰይፈሥላሴ ታደለ ከአባታቸው ከአቶ ታደለ ገብረአማኑኤልና ከእናታቸው ከወይዘሮ ወለተሐና ኪዳኔ በጥቅምት ወር 1946 ዓ.ም. በአንኮበር ወረዳ ጥድ አፋፍ በተባለው ቀበሌ ተወለዱ። ክርስትና የተነሡት እዚሁ፣ አሁን አስከሬናቸው ከበሩ ላይ ባረፈበት በቅዱስ ዑራኤል ቤተ ክርስቲያን ነው። የሕይወት ታሪክ እንደ ወጉ የሚነበበው ፍትሐቱ ካለቀ በኋላ፣ ከመቃብሩ አጠገብ ነው። ይህኛው ግን ሳይገባ፣ ከቅጽሩ በር ላይ እንዲነበብ ሟቹ ራሳቸው ስላዘዙ እዚህ ይነበባል። ፀሐዩ የበረታበት ሰው ይታገሥ። አቶ ሰይፈሥላሴ በዚህች ቦታ ፀሐዩንም ዝናቡንም ከሠላሳ ዓመት በላይ ችለውታል።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ ከመሪጌታ ዘንድ ፊደል ቆጥረው ዳዊት ደገሙ፤ ከዚያም ጎረቤላ ድረስ በእግራቸው እየተመላለሱ እስከ ስድስተኛ ክፍል ተማሩ። አባታቸው ሲያርፉ ትምህርቱን ትተው ደብረ ብርሃን ሄዱና ግንበኝነት ለመዱ። ድንጋይ ሲጠርቡ እጃቸው የተባረከ ነበር፤ በከተማይቱ የእሳቸው እጅ ያረፈበት አጥር ዛሬም ጥቂት አይደለም። መሬት ሲደለደል ወደ ትውልድ ቀያቸው ተመልሰው ድርሻቸውን ተቀበሉ። በ1971 ዓ.ም. ከወይዘሮ ማኅደረማርያም ጋር በሥርዓተ ቤተ ክርስቲያን ጋብቻ ፈጽመው ፀደንያን፣ እሱባለውንና ዘሥላሴን ወልደዋል። ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀችው የበኩር ልጃቸው ፀደንያ ናት፤ ደብረ ብርሃን በልብስ ስፌት ትተዳደራለች። ቁጣዋን ከጽሑፉ እንድታወጣ ወንድሞቿ ለምነዋት ነበር። ሞክራ አልሆነላትም።

እስከዚህ ያለው የማንኛውም ገበሬ ታሪክ ነው። ከዚህ በኋላ ያለውን የደብሩ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ግን ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ሆነና አፍ አውጥቶ የተናገረው የለም። እንግዲህ ዛሬ ይነገራል።

በዚያን ዘመን አቶ ሰይፈሥላሴ አንድ በሬ ብቻ ነበራቸው። አንድ ጎረቤታቸውም እንዲሁ ባለ አንድ በሬ ስለነበር፣ ሁለቱን በሬ እያቀናጁ፣ አንድ ቀን የዚህኛውን፣ አንድ ቀን የዚያኛውን ማሳ ያርሱ ነበር። የጎረቤትየውን ስም እንዳንጽፍ ሟቹ አደራ ስላሉ አልጻፍነውም። በ1984 ዓ.ም. ይህ ሰው ከምንጩ በታች ያለችውን የወይዘሮ ንጋቷን ማሳ ተመኘ። የወይዘሮ ንጋቷ ባለቤት አቶ ፍቅረ ማርያም ወደ ሰሜን ዘምተው በዚያው ቀርተዋል። እሳቸው ልጅ ያዘሉ፣ ወንድም የሌላቸው ሴት ነበሩ። ጎረቤትየው «ፍቅረ ማርያም ሳይዘምት ይህችን ማሳ ከዳገቱ ማሳዬ ጋር ተለዋውጠናል» አለ። ምስክር አምጣ ተባለ። ወደ አቶ ሰይፈሥላሴ ቤት መጥቶ «ካልመሰከርክልኝ በሬዬን እለያለሁ። በአንድ በሬ ስታርስ አይሃለሁ!» አላቸው። ወሩ ሰኔ ነበር፣ መሬቱ ገና ጦም ነበር፣ ቤት ውስጥ ደግሞ ልጆች ነበሩ።

አቶ ሰይፈሥላሴ እዚህ በር ላይ፣ ሽማግሌዎች በተቀመጡበት፣ መቃኑን በቀኝ እጃቸው ይዘው «ሲለዋወጡ ነበርኩ፤ ብዋሽ ከዚህ ደጅ ይለየኝ» ብለው ማሉ። አልነበሩም። የመሬት ልውውጥም አልተደረገም። ልጃቸው ይህን የጻፈችው አባቷን ልታዋርድ አይደለም። «እኔ የሠራሁትን አንዲትም ሳትደብቂ አንብቢው፤ ሌላው የሠራውን ግን ለእሱ ተዪለት» ብለው በቃላቸው አዝዘዋታል። ከሁለቱ ትእዛዝ የከበዳት ሁለተኛው ነው።

ወይዘሮ ንጋቷ ማሳቸውን ተነጥቀው፣ በምትኩ የቀረላቸው የዳገቱ ማሳ ስለማያበላ፣ ልጃቸውን አዝለው ደብረ ብርሃን ገቡ፤ የሰው ልብስ እያጠቡ ይኖሩ ጀመር። አቶ ሰይፈሥላሴ ደግሞ እህል አልበላ አላቸው። ዓመት ሳይሞላ ከነፍስ አባታቸው ከመምሬ ወልደተንሣኤ እግር ሥር ተንበርክከው ተናዘዙ። መምሬ ደግ ካህን ነበሩ፤ ነገር ግን በሐሰት መሐላ ቀልድ አያውቁም። መጀመሪያ እውነቱን በሽማግሌዎቹ ፊት እንዲናገሩ አዘዟቸው። ቀጥለውም «በሐሰት ከያዝከው መቃን ውጭ ቁም። እኔ ራሴ ና ግባ እስክልህ ድረስ እንዳትገባ» አሏቸው።

አቶ ሰይፈሥላሴ ሁለቱንም ፈጸሙ። በሽማግሌዎች ፊት ቆመው «ዋሽቻለሁ» አሉ። ሽማግሌዎቹ «ነገሩ አንዴ ተቆርጧል» ብለው ዝም አሰኟቸው። ጎረቤትየው «ሴትዮዋ መድኃኒት አዙራበት ነው» ብሎ አስወራ፤ በሬውንም ለየ። ማሳዋ አልተመለሰችም። ይህን ጊዜ አቶ ሰይፈሥላሴ ከገዛ መሬታቸው ለም ለሙን ቆርሰው ለወይዘሮ ንጋቷ ሰጡ። ለሰው ጉልበታቸውን እየሰጡ በሬ እየተዋሱ ያርሱላቸው ነበር፤ ገብሱንም በአህያ ጭነው ደብረ ብርሃን ድረስ ያደርሱ ነበር። ከዚያ ወዲህ የእነ ፀደንያ ጎተራ ሞልቶ አያውቅም። ወይዘሮ ማኅደረማርያም አንድ ክረምት ሙሉ አኮረፉ። በተከታዩ ዓመት ግን አህያዋን የሚጭኑት እሳቸው ራሳቸው ሆኑ።

በ1986 ዓ.ም. መምሬ ወልደተንሣኤ ታምመው ለሕክምና እንደሄዱ ሳይመለሱ አረፉ። «ና ግባ» የሚለው ቃል ከእሳቸው ጋር ተቀበረ።

አቶ ሰይፈሥላሴ ሌሎቹን ካህናት አንድ በአንድ ለመኑ። አንደኛው «ያሰረው ይፍታው» አሏቸው። ያሰረው መቃብር ውስጥ ነው! ሌላው «በመምሬ ቃል ላይ ቃል አልጨምርም» አሉ፤ ሌላው «ጊዜው ሲደርስ» አሉ። ነፍስ አባቱ የሞተበት ሰው ሌላ ነፍስ አባት ይዞ ከቀኖናው እንደሚፈታ የማያውቅ ካህን በዚህ ደብር ነበረ? አልነበረም። የሰበካ ጉባኤውም ያውቅ ነበር። ልጃቸው ይህን ነገር ለዓመታት ስታሰላስል የደረሰችበት አንድ ምክንያት ብቻ ነው። ከበሩ ላይ አንድ ኃጢአተኛ ቆሞ ሲታይ፣ ወደ ውስጥ የገባው ሁሉ ጻድቅ ሆኖ ይሰማው ነበር። እንዲህ ያለ ሰው ማን ከበሩ ያነሣል?

የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል። «የማለው ደረሰበት» ያለ ነበር። «የዑራኤል ዘበኛ» የሚል ስም ያወጣላቸውም ነበር። በዓመት በዓል ከሩቅ የመጡ ሰዎች ለማኝ እየመሰሏቸው ሳንቲም እጃቸው ላይ ያኖሩ ነበር፤ እሳቸውም ተቀብለው አጠገባቸው ለተቀመጡት ነዳያን ያካፍላሉ። ጎረቤትየው ግን በየእሑዱ ነጠላውን አመሳቅሎ፣ ፊቱን ወደ ማዶ አዙሮ በአጠገባቸው ያልፋል። ማሳዋ አበላችው። የሰበካ ጉባኤ አባል ሆነ፤ ለቤተ ክርስቲያኑ ባለ ዘርፍ ጃንጥላ ሰጠ፣ እልልም ተባለለት። የተናዘዘው ውጭ ቆሞ፣ ያልተናዘዘው ውስጥ ያስቀድስ ነበር። ጥር 22 ቀን ታቦቱ በዚያ ጃንጥላ ሥር ሆኖ በዚህ በር ሲወጣ አቶ ሰይፈሥላሴ በግንባራቸው ወድቀው ይሰግዱ ነበር። በዓመት በዓመቱ ወደ እሳቸው የሚወጣ ታቦቱ ብቻ ነበር።

ትንሹ ልጃቸው ዘሥላሴ በአርባ ቀኑ ክርስትና ሲነሣ አባትየው እዚህ ነበሩ። ፀደንያ ስታገባ እዚህ ነበሩ። በ2009 ዓ.ም. ወይዘሮ ማኅደረማርያም አርፈው አስከሬናቸው ሲገባ አቶ ሰይፈሥላሴ ቃሬዛውን ከጎረቤቶቻቸው ጋር ተሸክመው እስከዚህ መቃን ድረስ መጡ፤ ከዚህ ላይ ትከሻቸውን አውጥተው ለሌላ ሰው ሰጡ። የሚስታቸውን ፍትሐት በአጥሩ ላይ አንገታቸውን አስግገው ሰሙ። በዚያን ቀን እዚህ የነበራችሁ ካህናት፣ ዲያቆናት፣ ሽማግሌዎች፣ አንዳችሁ እንኳ እጃቸውን ይዛችሁ «ዛሬስ ይግቡ» አላላችሁም። ልጃቸው ብዙ ነገር ይቅር ብላለች፤ ይህችን ግን ገና አልቻለችም። በሐሰት ይቅር ብያለሁ ብላ በዚሁ በር ላይ ሁለተኛ ሐሰት መጨመር አልፈለገችም።

እንዲህ ሲባል ግን በዚህ ሁሉ ዘመን አንድም የክርስቶስ ሰው አልተገኘም ማለት አይደለም። በ1994 ዓ.ም. ወይዘሮ ንጋቷ ለዑራኤል ንግሥ ከደብረ ብርሃን መጥተው አቶ ሰይፈሥላሴን ከበሩ ላይ ቆመው አገኟቸው። ገብሱን ይቀበሉ ነበር እንጂ ስለ በሩ የነገራቸው ሰው አልነበረም። ምክንያቱን ሲሰሙ የንግሡ ጉባኤ እስኪያልቅ አልጠበቁም። በሕዝቡ መካከል ተነሥተው «የተበደልኩት እኔ ነኝ፤ የሄደችው ማሳ የእኔ ነች። እኔ ይቅር ካልኩት እናንተ ምን ቀረባችሁ?» አሉ። የሰበካ ጉባኤው ሊቀ መንበር «እትዬ ንጋቷ፣ ይህ የቤተ ክርስቲያን ጉዳይ ነው፤ ይቀመጡ» አሏቸው። እሳቸው ግን አልተቀመጡም። ገብተው የቅዳሴ ጠበል በጣሳ ተቀበሉ፣ ይዘውት ወጡ፣ ለአቶ ሰይፈሥላሴ በገዛ እጃቸው አጠጧቸው። በተከታዩ ዓመት ጥድ አፋፍ ተመልሰው በተሰጣቸው መሬት ላይ ጎጆ ቀለሱ። ከዚያ ወዲያ በየእሑዱ ያቺ ጣሳ ሳትወጣ የቀረችበት ቀን የለም። ወይዘሮ ንጋቷ ዛሬ በመካከላችን አሉ፤ ጣሳዋንም ይዘዋታል።

በ2003 ዓ.ም. ክረምት ይህ የቅጽሩ ካብ በጎርፍ ፈረሰ። ጉባኤው ግንበኛ ሲፈልግ ወዲያው የታወሱት አቶ ሰይፈሥላሴ ናቸው! የድንጋይ ካብ ሁለት ገጽ አለው። የውጩን ገጽ አቶ ሰይፈሥላሴ ከውጭ ሆነው፣ የውስጡን ልጃቸው እሱባለው ከውስጥ ሆኖ ካቡት። ድንጋዩን በካቡ ላይ ይቀባበሉ ነበር። ሲያልቅ ጉባኤው ሠራተኞቹን ውስጥ ደግሶ አበላ፤ ለአባትየው ድርሻቸው በሳህን ወጣላቸው። እሱባለው ሳይቀምስ ወጥቶ ከአባቱ ጋር ከበሩ ላይ በላ። ይህን ካብ ያየ ሰው ልብ ይበል፤ ከውጭ ያለው ገጽ እስከ ዛሬ አንድ ድንጋይ አልጣለም።

በ2016 ዓ.ም. ቀሲስ ዘርአ ዳዊት ወደዚህ ደብር ተመደቡ። አቶ ሰይፈሥላሴ በዚያው ዓመት የልብ ድካም ይዟቸው በደብረ ብርሃን በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ቤታቸው ተመልሰው ነበር። ቀሲስ ሊጠይቋቸው ገብተው «አባቴ፣ ቀኖናዎ ምን ነበር?» አሏቸው። ይህን የጠየቀ የመጀመሪያው ካህን እሳቸው ናቸው። የሰሙትን ሰምተው ሲጨርሱ አለቀሱ፤ መስቀላቸውን አውጥተው «እግዚአብሔር ይፍታዎ። ይግቡ» አሏቸው። ከዚህ የበለጠ ጊዜ አልወሰደም። ይህን ያህል ዓመት የተነፈጉት ነገር ከአንድ ጸሎትና ከአንድ ቃል አይበልጥም ነበር።

ሥጋ ወደሙን በአልጋቸው ላይ ተቀበሉ። ልጆቻቸው በቃሬዛ እናስገባዎት ሲሏቸው ግን «በእግሬ ወጥቻለሁ፣ በእግሬ እገባለሁ። በሰው ጫንቃ የምገባው ስሞት ነው» ብለው እንቢ አሉ። እግራቸው አልጸናም። ደዌው እየበረታባቸው ሄዶ ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በሰባ ሁለት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። ትናንት ማታ ከሰበካ ጉባኤው አንዳንዶች «ፍትሐቱ ውጭ ቢሆንስ?» ብለው ነበር። ቀሲስ ዘርአ ዳዊት «ካልገቡ እኔም አልገባም» ብለው ነገሩ አብቅቷል። ስለዚህ ዛሬ አቶ ሰይፈሥላሴ ይገባሉ፤ ከባለቤታቸው ጎንም ያርፋሉ።

የቀረችው የሟቹ አንዲት አደራ ናት። ቃሬዛው አራት መያዣ አለው። የኋለኞቹን እሱባለውና ዘሥላሴ ይይዛሉ። የፊተኛውን ግራ የወይዘሮ ንጋቷ ልጅ ተክለጊዮርጊስ ይይዛል፤ ያን ጊዜ በእናቱ ጀርባ ታዝሎ ከዚህ አገር የወጣው እሱ ነው። የፊተኛውን ቀኝ አቶ ሰይፈሥላሴ አብረዋቸው በሬ ያቀናጁ ለነበሩት ጎረቤታቸው ትተውታል። ልጃቸው ይህን ስትሰማ «እንዴት ተደርጎ!» ብላ ጮኻ ነበር። እሳቸው የመለሱላት «ልጄ፣ እኔ ይህን ሁሉ ዘመን አንድ ሰው ወጥቶ ና ግባ እንዲለኝ ነበር የጠበቅሁት። እሱንም እኮ ማንም እንዲህ ያለው የለም» ብለው ነው። ልጃቸው አሁንም አልተስማማችም። ነገር ግን አደራ ነው፤ ቦታውን ለማንም አልሰጠችም።

አቶ ሰይፈሥላሴ ሦስት ልጆችን፣ የልጅ ልጆችን፣ ደግሞም የማትደርቅ ጣሳ ይዘው የቆሙ አንዲት እኅት ትተው አልፈዋል። በደጅ መቆምን የሚያውቅ፣ ከከተማው በር ውጭ መከራ የተቀበለ ጌታ ነፍሳቸውን እጇን ይዞ ያስገባልን። ለቀረነውም ልብ ይስጠን፤ ለዚህች ጸሐፊ ደግሞ ከሁሉ አስቀድሞ።

አሁን ቃሬዛው ይነሣል። የፊተኛው ቀኝ መያዣ ባዶ ነው፤ እስኪያዝ ድረስ ከዚህ በር አንንቀሳቀስም። ጎረቤታችን ሆይ፣ አባታችን «ና፣ አብረን እንግባ» ብለዎታል።