የእቴቴ የራስ ምታት ደብተር

ይድረስ ለታላቅ እህቴ፣
መካነ ሰላም፣ ጥር 2004 ዓ.ም.

አሰላሙ አለይኩም እህት ዓለም። ጤናሽ እንዴት ነው? ያብጥብኛል ያልሽው እግርሽ ተሻለሽ? እኛ አልሐምዱሊላህ፣ እናታችን እቴቴም ተሽሏታል። ይህን ደብዳቤ የምታደርስልሽ ለሥራ ወደዚያ የምትመጣው የጎረቤታችን የአህመዲን ልጅ ሀዲያ ናት። በስልክ ለመናገር አፌ እምቢ ስላለኝ ነው በእጅ የላክሁት።

እንዳልሽኝ እቴቴን ደሴ ወስጄ አሳየኋት። እዚያ ሦስት ሆነው ነው የሚያክሟት። ሐኪሙ፣ አንቺ ዓረብ አገር ከሄድሽ ጀምሮ ስድስት ዓመት በየቀኑ የዋጠችው ማስታገሻ ራሱ ሕመሙን እየመለሰባት ነው ብሎ ቀስ በቀስ አስቆማት። ሁለተኛው አንገቷንና ትከሻዋን የምታፍታታበትን እንቅስቃሴ አሳያት፤ እኔንም ጧትና ማታ እንዴት እንደማሻት አስተማረኝ። ሦስተኛዋ የሻለም የምትባል የሥነ ልቦና ባለሙያ ናት፤ ደብተር ሰጠችኝ። እቴቴ ማንበብና መጻፍ ስለማትችል መቼ እንዳመማት፣ እንዴት እንዳደረች፣ ያን ቀን ምን እንደነበረ የምጽፈው እኔ ነኝ። በየወሩ ሦስቱ አንድ ላይ ተቀምጠው ደብተሩን እያዩ ይመካከራሉ።

በሁለተኛው ወር የሻለም ደብተሩን አገላብጣ ፈገግ አለች። አንቺ የምትደውይባቸው ሐሙሶችና ማግስታቸው ንጹሕ ናቸው፤ ሕመም የሚባል አልተጻፈባቸውም። እቴቴ ይህን ስትሰማ ፊቷ በራ። እህቴ፣ አልደብቅሽም፣ ቀናሁብሽ። ራሷን በሻሽ አጥብቄ የማስርላት እኔ፣ አንገቷን የማሻት እኔ፣ ስታስመልስ ደግፌ የምይዛት እኔ፤ የሚያሽላት ግን ያንቺ አምስት ደቂቃ።

ከዚያ ወዲህ ሐሙስ ሐሙስ ስልኩን አጠፋሁት። ኔትወርክ የለም አልኳት፤ በእኛ አገር ይህን የሚጠራጠር ሰው የለም። አንቺም ሳታምኚ አትቀሪም። አምስት ሐሙስ እንዲህ አለፈ። ደብተሩን ግን በሐቅ ነው የሞላሁት፤ አመማት፣ አመማት፣ አሁንም አመማት። ስልኩን ማጥፋቴን ብቻ ሳልጽፍ ተውኩት። ሦስቱ አይተው ሕክምናው አልያዘላትም አሉ፤ ሐኪሙ ጠንከር ያለ መድኃኒት ሊያዝላት ሆነ። ያኔ ፈራሁ። የሻለምን ለብቻዋ ጠርቼ ሁሉንም ነገርኳት። አልተቆጣችኝም። ለሐኪሙ እሷ እንደምትነግረው፣ ለአንቺ ግን ራሴ እንድጽፍልሽ መከረችኝ። መድኃኒቱም ቀረ።

ስንመለስ አቀስታ ላይ መኪናው ሲቆም፣ እኔ ርቄ ብሄድ እንዲሁ ያማት እንደሆነ እቴቴን ጠየቅኋት። እየሳቀች “ላንቺማ ምኑን አስቤ ያመኛል፣ አጠገቤ አይደለሽ?” አለችኝ። በፍቅር ነው ያለችው፣ አውቃለሁ። እኔ ግን እስከ መካነ ሰላም ድረስ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ መጣሁ።

አሁን ስልኩ ክፍት ነው፤ ሐሙስ ደውዪላት። እኔ ደጅ እወጣለሁ፣ እንደልባችሁ ተጫወቱ። ኮንትራትሽ ለረመዳን ያልቃል ብለሻል፤ እባክሽ አታድሺው፣ ነይ። ደሴ ሳለን የፓስፖርት ፎቶ ተነስቻለሁ፤ እቴቴ አልሰማችም። ስትመጪ ደብተሩን አስረክብሻለሁ። እኔ ከአገር ከወጣሁ በኋላ ያሉትን ቀናት አንድም ሳታስቀሪ፣ ለእኔ ብለሽም ሕመም ሳትጨምሪ፣ በሐቅ ጻፊልኝ።

አላህ ከክፉ ይጠብቅሽ፣ በሰላም ለአገርሽ ያብቃሽ።

ታናሽሽ