‹ዴማ› እና ‹ዴሙ›

ኅዳር 9 ቀን 1978 ዓ.ም.፣ ሮቤ፣ ጠዋት 1፡30

ጤዛው አልረገፈም። ስንዴው እርጥብ ስለሆነ ኮምባይነሮቹ ተደርድረው ቆመዋል። ነጂዎቹ የወርክሾፑን ግድግዳ ተደግፈው ፀሐይ ይሞቃሉ። እኔ ግራሶ ስቀባ ቆይቼ አሁን ቢሮ ገባሁ። እጄን ሳልታጠብ ነው የምጽፍብሽ፤ ቻይው ደብተሬ።

ከመንግሥት እርሻችን ዋና መ/ቤት ሰርኩላር መጥቶ ሰሌዳው ላይ ተለጥፏል። ሁለተኛ ዲግሪ፣ በወዳጅ አገር። ቴክኖሎጂን፣ ንግድንና የሰው አመራርን አንድ ላይ የሚያስተምር። ‹ንግድ› የሚለው ቃል ስለሚቀፋቸው ‹የድርጅት ኢኮኖሚ› ብለውታል። ይበሉት።

የመግቢያ መስፈርት፦ ዲግሪ በምህንድስና ወይም በእርሻ። አለኝ። ሁለት ዓመት የመስክ አገልግሎት። ጥር ላይ ይሞላል፣ ይያዝልሃል ተብያለሁ። የጤና ምርመራ። የመ/ቤት ፈቃድ። ተምሮ ምን ሊሠራ እንዳሰበ የሚገልጽ አንድ ገጽ ጽሑፍ። መጨረሻ ላይ ደግሞ ጉሮሮ ላይ የምትሰነቀር አንዲት አጥንት አለች፦ አመልካቹ ከሠራተኛው ጋር ያለው ግንኙነት በሠራተኞች ጠቅላላ ስብሰባ የተመሰከረለት መሆን አለበት።

ማሽን አውቃለሁ። ኢኮኖሚውን እማራለሁ። ሰው እንዴት ነው የሚመሰከረው?

ፀሐይ ወጣች። ሞተር ተነሳ። ሄድኩ።

ኅዳር 12፣ ከሰዓት በኋላ

ጎባ ደርሼ መጣሁ። ሳንባዬ ንጹሕ፣ ዓይኔ ደህና። ነርሷ ለምን እንደምመረመር ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት። ባሌ ምን በደለችህ አለችኝ። ብርዷን ብዬ መለስኩላት። ብርዱማ እዚያም አለ፣ የባሰ ነው፣ ብላ የራጁን ፊልም በብርሃን ላይ አየችው።

በውይይት ታክሲ ስመለስ የጊኒር በግ ነጋዴዎች መሀል ተጣብቄ ነበር። ሞቀኝ፤ ሐሳብም መጣ። እውነቱን ለአንቺ ልናገር፦ ከሄድኩ ወደ ሮቤ መመለስ የለም። አዲስ አበባ፣ ሚኒስቴር መ/ቤት፣ ጭቃ የማያውቅ ጫማ። ይህን ለማንም አልተናገርኩም። አንድ ገጹ ላይም አልጽፈውም።

ኅዳር 17፣ የምሳ ሰዓት

ስብሰባው ለኅዳር 21 ተቀጠረ። የፖለቲካ ኃላፊያችን ጓድ ታምራት አጭር ንግግር አድርግ አለኝ። ሐሳብ ብልጭ አለልኝ፤ በኦሮምኛ ባደርገውስ? ነጂው ሁሉ የዚህ አገር ሰው ነው። ከሰው ጋር ያለኝ ግንኙነት ከዚህ በላይ በምን ይታያል? ጓድ ታምራት በጣም ወደደው። እሱ ራሱ ከሰላምታ ያለፈ አያውቅም።

አስቴር አልወደደችውም። ታይፒስታችን ናት፣ የጎባ ልጅ፣ ሁለቱንም ቋንቋ እንደ ግራና ቀኝ እጇ የምታዝ። የማውቃትን ጥቂት ኦሮምኛ ያስተማረችኝ እሷ ናት። በአማርኛ ተናገር፣ ይሰሙሃል፣ አለችኝ። እምቢ አልኩ። እንግዲያውስ አጥናው ብላ በታይፕ ወረቀት ጀርባ ጻፈችልኝ። ‹ኢን ዴማ›፣ እሄዳለሁ። ‹ሂን ዴሙ›፣ አልሄድም። ሁለተኛውን ለምን እንደጻፈችው ጠየቅኳት። ለይተህ እንድታውቀው ነዋ አለች።

ለእኔ ጆሮ ‹ኢን› እና ‹ሂን› አንድ ናቸው። መጨረሻዋን ፊደል መያዝ ነው።

ኅዳር 21፣ 11 ሰዓት

አለፍኩ! ደብተሬ፣ አለፍኩ።

ስብሰባው እህል መጋዘኑ ፊት ለፊት ነበር። ነፋስ፣ ገለባ፣ ዓይን ውስጥ የሚገባ አቧራ። ጓድ ታምራት ስለ ምርት ዘመቻ ረጅም ተናገረ፤ ግማሹ ሰው አንቀላፋ። ከዚያ እኔ። ‹አካም ጅርቱ›፣ እንዴት ናችሁ፣ ስል ነቁ። ስሜን፣ ሥራዬን፣ ለትምህርት እንዳመለከትኩ ተናገርኩ። መጨረሻ ላይ ጮክ ብዬ እሄዳለሁ አልኩ። እርስ በርስ ተያዩ። ከዚያ ያ ጭብጨባ! ሴቶቹ የእህል ማበጠሪያውን ትተው እልል አሉ። የሠራተኛ ማኅበሩ ሊቀመንበር ኦቦ ቃዲር፣ ሽማግሌው ኮምባይነር ነጂ፣ መጥተው እጄን በሁለት እጃቸው ያዙ። ፊታቸው ላይ ሳቅ ነበረ።

እንዲህ ተጨብጭቦልኝ አያውቅም። ስሄድ ይህን ያህል ደስ የሚላቸው መሆኑ ግን ትንሽ ከነከነኝ።

ኅዳር 22፣ የምሳ ሰዓት

አስቴር ጠዋት ቀና ብላ አላየችኝም። ምን ሆንሽ ስላት ታይፑ ላይ ተደፍታ ሳቀች። እንባዋን እስክትጠርግ ጠበቅኩ።

‹ሂን ዴሙ› ነው ያልኩት። አልሄድም።

ለትምህርት አመልክቻለሁ፣ ምስክርነታችሁን እፈልጋለሁ፣ አልሄድም። ሰው ያጨበጨበው ለዚህ ነው።

ለጓድ ታምራት አጠገቡ የተቀመጠ ሰው ተርጉሞለታል። ቃለ ጉባኤው ታይፕ ተደርጎ አየሁት፦ ጓድ ሰሎሞን የውጭ የትምህርት ዕድሉን ትቶ ከሰፊው ሕዝብ ጎን ለመቆየት መወሰኑን በሕዝቡ ቋንቋ አረጋገጠ። ራሱ ቢሮዬ መጥቶ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። ለአውራጃው ሪፖርት ይደረጋል አለ። አርአያ ነህ አለኝ።

አርአያ! በአንድ ፊደል።

ሳህኔ ላይ ያለው ምሳ ቀዘቀዘ። አስቴር እየበላችልኝ ነው። ‹ማ› እና ‹ሙ›ን ለመለየት ስንት ዓመት ኮሌጅ ይፈጃል፣ ትላለች።

ኅዳር 24

ለጓድ ታምራት ተናገርኩ። ስህተት ነው፣ ምላሴ ነው፣ አልኩት። አልተቆጣም። በሩን ግን ዘጋው። ሕዝብ ፊት የተባለ ነገር ቢሮ ውስጥ አይነሳም አለኝ። ሌላ ስብሰባ እንዲጠራ ሊቀመንበሩ ይጠይቅ፣ እዚያ ራስህ ተናገር፣ ሠራተኛው እንደገና ይመስክር። ከፈለገ ነው ደግሞ። ማመልከቻው በወሩ መጨረሻ በላንድሮቨር ጎባ ይገባል፤ ከዚያ በኋላ ለዘንድሮ በቃ።

ስወጣ ደግሞ፦ አልሄድም ብሎ አስጨብጭቦ እሄዳለሁ የሚል ሰው ምን ተብሎ እንደሚጠራ ታውቃለህ? አለኝ። አውቃለሁ።

አንድ ገጹም ገና ባዶ ነው። ስለ ማሽኑ ጻፍኩ፤ ወጪውንም። ‹ሰው› የሚለው ርዕስ ሥር እስክሪብቶ ይቆማል።

ኅዳር 26፣ ቀትር ላይ

ኦቦ ቃዲርን ማሳው ላይ አገኘኋቸው። ኮምባይነሩን አቁመው ጥላው ሥር ሶላት ሰግደው ሲጨርሱ ደረስኩ። ከጎናቸው ተቀመጥኩ። ስጀምር አቋረጡኝ። የፈለግከው ‹ኢን ዴማ› ነው፣ እዚያው አውቀናል፣ አሉ። ታዲያ ለምን አጨበጨባችሁ አልኳቸው። ሳቁ። ከዚያ ሳቁ ቆመ።

«ከአንተ በፊት ሦስት ኢንጂነር ሸኝተናል። ሦስቱም ‹እመለሳለሁ› ብለው ነው የሄዱት። አጣርተው፣ በጥሩ አፍ። አልሄድም ብሎ የተናገረ አንተ የመጀመሪያው ነህ። ተሳስተህም ቢሆን ደስ አለን።»

ከቃርሚያው አንድ ዛላ አንስቼ በጣቴ አሸሁት።

ስብሰባውን እጠራለሁ አሉ። እኔ ልተርጉምልህ፣ ‹ትቶን አይሄድም ማለቱ ነው፣ ተምሮ ይመለሳል› ልበል፣ ጓድ ታምራትም ደስ ይለዋል፣ አንተም ትሄዳለህ። እንዴት ያለ መውጫ! አመሰግናለሁ ልል ስል፣ ዞር ብለው አዩኝ።

«ትመለሳለህ?»

ኢንሻአላህ አልኩ። ከእሳቸው የለመድኩት ነው።

«እሱን እኔ እላለሁ። አንተ አዎ ወይም አይ በል። ውሸት ከሆነ በእኔ አፍ አይወጣም፤ በራስህ አፍ ተናገረው።»

ዓይኔን ወደ ኮምባይነሩ ጎማ አዞርኩ። እሳቸው ግን አላፈሩብኝም፣ አልተቆጡምም። ለዘላለም ማን ጠየቀህ አሉኝ። ሁለት ቦና ብቻ። ቦና የሚሉት ይህንኑ የበጋውን አጨዳ ነው። ተምረህ ስትመጣ ሁለት ቦና አብረኸን እጨድ፣ ልጆቹን አስተምርልን፣ ከዚያ መንገዱ ያንተ ነው። በግ ገበያ ላይ ዋጋ እንደሚቆርጥ ሰው ነበር የሚናገሩት። ከዚያ ተነስተው የኮምባይነሩን መሰላል ወጡ።

ኅዳር 27

ቀኑን ሙሉ የሚቆራረጥ የኮምባይነር ቀበቶ ስቀይር ዋልኩ። ሥራ ጥሩ ነው፤ እጅ ሲይዝ ራስ ያስባል።

አልዋሽሽም፣ ሚኒስቴሩ አሁንም ያምረኛል። ግን ያ ጭብጨባ፣ ደብተሬ። ላላልኩት ነገር የተጨበጨበልኝ ነው፤ ደስታዬ ግን የእኔ ነበር። መለስ ብዬ ሳስበው፣ እሄዳለሁ ብዬ አስተካክዬ ተናግሬ ቢሆን ኖሮ ምን ያህል ያጨበጭቡ ነበር? በልኩ። ለሦስቱ እንዳጨበጨቡት።

ሁለት ቦና። ያን ያህል ረጅም አይደለም።

ለኦቦ ቃዲር መልእክት ላክሁ፦ አይተርጉሙልኝ። ራሴ እናገራለሁ።

አንድ ገጹን ጨረስኩ። ‹ሰው› የሚለው ሥር የጻፍኩት አጭር ነው፦ እዚህ እርሻ ላይ ማሽኑ ይቀራል፣ የሚያውቀው ሰው ግን ይሄዳል። ሰው እንዴት እንደሚቆይ መማር እፈልጋለሁ።

ኅዳር 28፣ ጠዋት 2፡15

ስብሰባው 2፡30 ላይ። ጤዛው ሳይረግፍ እንዲያልቅ። ጓድ ታምራት ወንበር እያስደረደረ ነው፤ ፊቱ ዝግ ነው። ምን ሊያደርግ እንደሚችል አላውቅም። ሠራተኛው አልመሰክርም ካለ ላንድሮቨሩ ያለ እኔ ወረቀት ይሄዳል። እሺ።

አስቴር ታይፑን ትታ ስታስጠናኝ ቆየች። ‹ኢን ዴማ›። ድገመው። ‹ኢን ዴማ›። ከዚያ አዲሱን ጠየቅኳት፣ እመለሳለሁ እንዴት ነው የሚባለው። እሱ መስፈርቱ ላይ የለም እኮ፣ አለች። አውቃለሁ አልኳት። ትንሽ አየችኝና አልቀለደችም። ‹ኢን ዴቢኣ›። ሁለት ቦና፣ ‹ቦና ለማ›።

ቀላል ነው። መጨረሻዋን ብቻ መያዝ። ‹ዴቢኣ› በ‹ኣ› ያልቃል። በ‹ኡ› ካልኩት አልመለስም ነው።

ወርክሾፕ በር ላይ የተሰቀለው ብረት ተመታ። ኦቦ ቃዲር ከፊት ተቀምጠዋል፣ ከመስኮቱ ይታዩኛል። አስቴር ና ትለኛለች።

በ‹ኣ›። በ‹ኣ›።